ያረረው የእኛ ነበር

ጥቅምት 9

ለውድ አክስቴ፣ ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልኝ፤ ዓይንሽንም ከከሰሉ ጭስ ይጠብቅልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ስለሆነች ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ማሽኖቹ ሲቆሙ ብቻ ነው ብርድ መኖሩ ትዝ የሚለኝ።

እቴቴ፣ ሥራ ያዝኩ። ከሰላምታው በፊት ልጽፈው ነበር፤ «ገና ደጁን ሳታልፍ ወሬ ትጀምራለች» እንዳትዪኝ ብዬ ነው የታገስኩት። በተመረቅኩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ነጭ ጋዋን ሰጥተውኛል፤ እጅጌው ስለሚረዝም አጥፌ እለብሰዋለሁ። ሥራችን እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሳህን በልተው አንዱ በካንሰር ሲታመም ሌላው ለምን ደኅና እንደሚሆን እንመረምራለን። ምግቡን ለብቻው አይደለም፤ ከወላጅ የሚወረሰውንም ለብቻው አይደለም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን ነው። አለቃዬ ጥያቄ የምትወድ ሴት ናት። ምን ያህል እንደጨቀጨቅኳት ብታዪ ኖሮ «ጥያቄ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ በከንቱ እንዳልነበር ይገባሽ ነበር።

ስለ ወንድምሽ ስለ ጋሼ ቡሎን የጻፍሽው ደርሶኛል። ስልክ ላይ «ደኅና ነን» ከማለት ሌላ ቃል ስለማይወጣሽ በደብዳቤ መጫወታችን ይሻላል ያልሽው ልክ ነው። አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኘ ያልሽበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። አያቴም እንዲሁ እንደነበር ነግረሽኛል። ግን ያኔ ማንም ምንም አያውቅም ነበር፤ አሁን እናውቃለን። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ነው የማነበው፤ ስለዚህ አትፍሪ።

እስከዚያው ምግቡ ላይ እንጠንክር። ሥጋ ይቅርበት፤ በተለይ ያረረ ሥጋ ፈጽሞ እንዳይነካ። በከሰል የጠቆረው ዳር ውስጥ አንጀት የሚጎዳ ነገር ይፈጠራል፤ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ጮማና ጣፋጭም ይቅር። ባቄላ፣ ጎመን፣ ገብስ ይብላ። ጋሼ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ፤ ጠንክሪበት።

ወደ አገር ቤት በምትመጣ ባልደረባዬ እጅ ትንንሽ ብልቃጦች ልኬያለሁ። አንቺም ጋሼም ምራቃችሁን ትፉባቸውና ክዳናቸውን ግጠሙ። አትሳቂ፤ ከምራቅ ብዙ ነገር ይነበባል።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ጥያቄ


ኅዳር 4

ይድረስ ለልጄ ለጥያቄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እጅሽን ይባርክልሽ፤ የነካሽው ይለምልም፤ አለቃሽንም እንዳንቺ ያለ ጨቅጫቃ ችላ ስለያዘች እድሜ ይስጣት። ሥራ መያዝሽን ቡሎን ለሚሠራበት ለአውቶቡስ ጋራዡ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ዘበኛው «ሐኪም ሆነች በይኛ» ሲለኝ አይደለችም ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

ደብዳቤሽን ቡሎን ፊት ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ሥጋ የሚለው ላይ ስደርስ ተነስቶ ወጣ። ተመልሶ መጥቶ ምን አለ መሰለሽ? «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ተምራ ከሥጋ ታፋታኝ?» ካንቺ ጋር ሲጣላ ደስ ይለዋል፤ ታውቂው የለም።

እኔ ግን ሌላው መስመር ላይ ቀረሁ። የጠቆረው ዳር ያልሽው ላይ።

ልጄ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጋራዡ በር ላይ ከሰል አቀጣጥዬ ሥጋ ስጠብስ ዕድሜዬ አለቀ። ለደንበኛ ያረረ አይሸጥም። የጠቆረውን ዳር በቢላዋ እየከረከምኩ በጎን ሳህን አጠራቅማለሁ፤ መጣል ግፍ ነው። ያ የማን ነበር? ያረረው የእኛ ነበር። አባትሽ እጁን ሳይታጠብ «ዳሩን አምጪ» እያለ ይገባል። ቡሎንም እንደዚያው። አንቺም ደብተርሽን ሳታስቀምጪ ሳህኑ ላይ ነበርሽ። ለእናንተ ያቆየሁት ይመስለኝ ነበር፤ የፍቅሬ ማሳያ ነበር። እኔ ምሬቱን አልወደውም፤ በልቼው አላውቅም። ይኸው እኔ አለሁ።

ከሰሉን አጥፍቼዋለሁ። ፍርግርጉንም ለብረት ሰብሳቢው ሰጠሁት። አሁን ለሹፌሮቹ በድስት ምስርና አትክልት እሠራለሁ። ደንበኛ ቀንሷል፤ አይዞሽ፣ አልጎደለብንም።

ብልቃጦቹን ልጅቷ አድርሳለች። ቆንጆ ልጅ ናት፤ ምነው እንዲህ ከሳች?

አክስትሽ


ኅዳር 28

ለውድ እቴቴ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ፤ ልብሽን ያሳርፍልኝ። ደብዳቤሽን ባቡር ውስጥ ከፍቼው መውረጃዬ አለፈኝ።

እቴቴ፣ እንዲያ ማለቴ አልነበረም። ፈጽሞ አልነበረም። ያረረ ሥጋ አደጋውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል ማለት ሌላ ነው፤ ሰው ገደለ ማለት ሌላ። ዕድሜውን ሙሉ ሲበላው ኖሮ ምንም ያልነካው ስንት ሰው አለ። የጋራዡን ዘበኛ አታዪውም? ከአባቴ ጋር ከአንድ ሳህን አልነበር የሚበላው?

ጋሼ በሚገባው ቋንቋ ልናገር። አንብቢለት። ሰውነታችን ያለማቋረጥ ራሱን እየገለበጠ ያድሳል፤ ሲገለብጥ ደግሞ ይሳሳታል። ስሕተቱን የሚይዝ ፍሬን አለው። ፍሬኑን በሁለት መስመር እንወርሳለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ግን አንደኛው መስመር ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የተበጠሰ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም፤ በቀረው መስመር ይሄዳል። ምግቡ፣ ጭሱ፣ ውፍረቱ፣ መጠጡ ቁልቁለቱ ናቸው። ፍሬኑ ሙሉ የሆነን አውቶቡስ ቁልቁለት ብዙ ጊዜ አይገለብጠውም። የተበጠሰውን ግን ትንሿም ታስቸግረዋለች።

የእኛ ቤት ችግር ፍሬኑ ይመስለኛል። አያቴ፣ አባቴ፣ አሁን ጋሼ፤ ሁሉም ገና በጎልማሳነት፣ ሁሉም እዚያው ቦታ። ደግሞ አያቴ የሞተው አንቺ ጋራዡ በር ላይ ከሰል ከማቀጣጠልሽ በፊት ነው። ስለዚህ አንቺ አይደለሽም። ምራቃችሁን ላኪልኝና አረጋግጬ ልንገርሽ። አለቃዬ ፈቅዳልኛለች፤ ራሴው ነኝ የምሠራው። ደስታዬን ብታዪ።

ጋሼ በምግቡ ይጽና። ንገሪው፤ ገብሱን ሲጨርስ የፈለገውን ስድብ ይላክልኝ።

ጥያቄ


ጥር 11

ይድረስ ለልጄ፣

የከርሞ ሰው ይበልሽ። መልስ ያዘገየሁት ወረቀት ጠፍቶ አይደለም።

የፍሬኑን ነገር ቡሎን በጣም ወደደው። ጋራዥ ድረስ ሄዶ ለሁሉም አስረዳ። «የፍሬን ችግር ከሆነ ሐኪም ቤት ምን አስኬደኝ? ክሪክ ላይ ስቀሉኝና ከሥር ገብታችሁ እዩኝ» ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳስበው፣ ፍሬኑንስ ከአባታችን ወሰዱት፤ ቁልቁለቱን ማን ሠራው?

አያትሽ ከከሰሉ በፊት ሞተ ያልሽው ደግሞ እውነት አይደለም። እናታችን ስትሞት ምድጃው ደረቴ ጋ ይደርስ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያበላሁት እኔ ነኝ። መጥበስ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ስንት ቀን አሳርሬ አቅርቤለታለሁ። «ጣፋጭ ነው፣ ልጄ» እያለ ይበላ ነበር። አባቴን፣ አባትሽን፣ ቡሎንን፣ ሦስቱንም ያበላሁት እኔ ነኝ።

ቡሎን ከስቷል። ሱሪውን በገመድ ነው የሚያስረው። ባለፈው ጋራዥ ምሳ ላደርስ ስሄድ ከቆመ አውቶቡስ ኋላ ሁለት ጎማ ለዋጮች ጋርደውት ሥጋ ሲበላ ያዝኩት።

«ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ጎማ እያየሁ ነው» አለኝ፤ ጉንጩ ሙሉ ነው።

«ትፋው።»

ተፋው። ሌሎቹ ቀና ብለው አላዩኝም። ሙሉ ሰው፣ የልጆች አባት ሊሆን የሚችል ሰው፣ እጄ ላይ ተፋው። ቤት ስንደርስ «እሷ ካለችው አንወጣም» አልኩት። «አንወጣም» አለኝ።

የካንሰሩን ክኒን ሐኪሙ ለጊዜው አቁሞታል። ክብደቱ ስለወረደ አይችለውም አለ። ለምን እንዲህ ከሳ ብሎ ጠየቀኝ። አፉ ቆስሎ መብላት አቃተው አልኩት። እሱም እውነት ነው።

ምራቁን ልከናል። ቡሎን አፉ ደርቆ ብልቃጧን ለመሙላት ግማሽ ቀን ፈጀ። «ለተማረ ሰው ምራቅ እንኳ በቀላሉ አይሰጥም» እያለ።

አክስትሽ


የካቲት 14

ለእቴቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን በምሳ ሰዓት ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጋሼ ይብላ። የፈለገውን ይብላ። ሥጋ፣ ጮማ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጣፋጭም ቢሆን። እኔ የጻፍኩት ገና ላልታመመ ሰው የሚሆን ነው፤ የታመመ ሰው ጉልበት ነው የሚያስፈልገው። አለቃዬ ደብዳቤሽን ስነግራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ወጥቷል። ጋሼ ላይ ያ የተበጠሰ መስመር አለ። ጥርጥር የለውም፤ በሁለት መንገድ አይቼዋለሁ። አንቺ ጋ የለም። አንቺ ደኅና የሆንሽው ዳሩን ስላልበላሽ አይደለም፣ እቴቴ። ስትወለጂ ነው የተለየው። አንድ ሰው መስመሩ ካለው ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ላንቺ በደኅናው ወደቀ።

ሦስተኛ፣ ይህን ለሐኪሙ አሳዪው። የጋሼ ዓይነት ዕጢ ከሌላው ይለያል። ሐኪሙ ያቆመው ክኒን ለዚህ ዓይነቱ ብቻውን ብዙም ላይረዳ ይችላል። የሰውነትን የራሱን ጠባቂዎች የሚቀሰቅስ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እንዲህ ዓይነት ዕጢ ላይ በጣም ይሠራል። መጀመሪያ ዕጢው ራሱ መመርመር አለበት። ስሙን በተለየ ወረቀት በትልልቁ ጽፌያለሁ። ሰዎች ድነውበታል። ይህን የምጽፈው ላጽናናሽ አይደለም፤ ድነውበታል።

ፈጥነሽ መልሺልኝ። በማንም እጅ ላኪው።

ጥያቄ


መጋቢት 27

ይድረስ ለልጄ ለጥያቄ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጋሼሽ አረፈ። ስልክ ያልደወልኩት ሥራ ላይ ሆነሽ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። እህልም ሳትቀምሺ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ ቀኑ እያለፈ ሲሄድ በምን አፌ እደውላለሁ ብዬ ፈራሁ።

ወረቀትሽን ለሐኪሙ ሰጥቼዋለሁ። ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀመጠና እንደገና አነበበው። «ማን ነው የጻፈው?» አለኝ። ልጄ ናት አልኩት። «ልክ ናት» አለ። «መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። እኛ ጋ የለም። ቢመጣም አሁን ይህን ሰውነት ይዞ አይችለውም።» ደግ ሰው ነው፤ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ይብላ ያልሽውንም ነገርኩት። ቡሎን ሳቀ። «ፈታችኝ ማለት ነው?» አለ። ከጎረቤት ፍርግርግ ተውሼ፣ ከሰል አቀጣጥዬ፣ ለስላሳውን መርጬ በቀስታ ጠበስኩለት። ጠርዙን ሁሉ ከረከምኩና መሐሉን አደቀቅኩለት። ሳህኑን አየው፤ ገፋ አደረገው።

«ይሄ የደንበኛ ነው» አለኝ። «የኔን አምጪልኝ።»

ዳሩ እዚያው ቢላዋው አጠገብ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ቆሜ ቀረሁ። «ተወው በቃ» አለኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልተቆጣም። ከዚያ ወዲህ ውኃ እንጂ ሌላ አልፈለገም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጎማ ለዋጮቹ ሊጠይቁት መጥተው ተቀምጠው ሳለ አረፈ። የጋራዡ ሰው አንድ ሳይቀር ሸኘው። አውቶቡሶቹ አርፍደው ነው የወጡት።

ከኀዘኑ በኋላ ወረቀቶችሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። እንግዳው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ሰው ምን ይሠራል? የሱን ውጤት ጽፈሻል። የኔንም ጽፈሻል። ሳንቲም ነው ብለሻል። አባትሽ በዚሁ በሽታ ነው የሞተው። የአባትሽ ልጅ ማን ናት?

አክስትሽ


ሚያዝያ 15

ለእቴቴ፣

ያጽናን። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። ጋዋኔን ለብሼ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩና ጽዳት የምትሠራዋ ሴትዮ አንኳኳችብኝ። ቋንቋችን አይገናኝም። ሻይ አመጣችልኝ።

ከኔ ይልቅ አንቺ እንዴት ነሽ? ማን አብሮሽ ያድራል? ጎረቤትሽ ትምጣ፤ ብቻሽን አትሁኚ። ሹፌሮቹ ይጠብቁ፤ ጥቂት ዕረፊ።

እዚህ ፀሐይ መውጣት ጀምሯል። ከታች ካሉት ማሽኖች አንዱ ተበላሽቶ እንደ አሮጌ ሞተር ያጓራል፤ ጋሼ ቢኖር ወርዶ ይፈታው ነበር። ሥራ ብዙ ነው። አዲስ ጥናት ጀምረናል። ደኅና ነኝ፣ በደንብ እበላለሁ። ጠዋት ጠዋት ገና ያልበሰለ አረንጓዴ ሙዝ እበላለሁ፤ ለአንጀት ጥሩ ነው። ባቄላም አበዛለሁ። በእግሬ ነው ሥራ የምሄደው።

ለዘበኛው ሰላም በይልኝ።

ጥያቄ


ግንቦት 8

ይድረስ ለልጄ፣

አንቺ ልጅ፣ ከአባትሽ ሞት ወዲህ እናትም አባትም ሆኜ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ትንሽ ሆነሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ ስለ ማንኪያው ታወሪልኝ ነበር። «እቴቴ፣ ማንኪያዎቹ ሁሉ ታጥበዋል፤ አንድም አልጎደለ» ትያለሽ። ያኔ ሄጄ ብርጭቆውን እቆጥር ነበር።

ማሽን፣ ፀሐይ፣ ባቄላ። አረንጓዴ ሙዝ በደስታው የሚበላ ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ስሚኝ። ይህን ያህል ጊዜ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ደም ነው፣ ውርስ ነው ስትዪኝ ኖርሽ። አመሰግናለሁ፤ እኔን ለማሳረፍ ነው። እኔ ግን ማረፍ አልፈልግም። ያረረው ዳር ከሆነ ይሻለኛል። ዳሩ ከሆነ እኔ ነኝ የሰጠኋችሁ፣ እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ አንቺ ደግሞ ከተውሽው ስንት ዓመትሽ ነው። አለቀ ማለት ነው። ደም ከሆነ ግን በየትኛው ቢላዋ ልከርክመው?

እባክሽ፣ በኔ ላይ አድርጊው። «እቴቴ፣ ያንቺ ከሰል ነው» ብለሽ ጻፊልኝ። አልቀየምሽም። ፈርመሽበት ላኪልኝ፤ አምኜ እኖራለሁ።

አክስትሽ


ግንቦት 30

ለእቴቴ፣

ሰላም ላንቺ።

አለኝ።

ከእናንተ ብልቃጦች በፊት የራሴን ነው የሠራሁት፤ ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ሳምንት። ደስ ብሎኝ ነበር የሠራሁት፣ እንደ ጨዋታ፣ መሣሪያውን ለመልመድ። ማሽኑ ሲያሳየኝ ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ጋዋኔን ሰቅዬ ወጣሁና በማላውቀው መንገድ ስሄድ፣ ስሄድ፣ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ዳቦ ገዛሁ። ምን ይደረጋል?

በአንቺ ላይ አላደርገውም። አለቃዬ ብትጠይቀኝም፣ አንቺ ብትለምኚኝም አልጽፈውም። እውነቱን ስነግርሽ ሁለቱም ናቸው፤ የምንወርሰውም የምንበላውም አንድ ላይ ነው የሚሠሩት፣ ከየትኛው ምን ያህል እንደሆነ ለአንድ ሰው ለይቶ የሚናገር ማንም የለም። እኔም አልችልም፤ ለዚህ ብዬ ተምሬ። ለሺህ ሰው ጠይቂኝ፣ እመልስልሻለሁ። ስለ አባቴ ጠይቂኝ፣ ዝም ነው የምለው። ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። ከትምህርት ቤት ስመጣ የሚጠብቀኝ ያ የጎን ሳህን ነው ደስ ብሎኝ ወደ ቤት የሮጥኩበት። እሱን በሽታ ብዬ አልጠራውም።

ደግሞ እኔ እንደ ጋሼ አይደለሁም። ቀድሜ አውቄያለሁ። ማወቄ ይህን ያህል ይጠቅማል፤ በየዓመቱ በካሜራ አንጀቴን ያዩታል፤ የሚበቅል ነገር ካለ ሳያድግ ይቆርጡታል። ምግብም ይረዳል፤ የሙዙም ነገር ከዚያ ነው የመጣው። አርጅቼ፣ ጥርሴ ረግፎ የሞቱ ሰዎች አሉ እንዲህ ያሉ፤ ይቅርታ፣ አረፍተ ነገሩ ተበላሸብኝ። አርጅተው፣ ጥርሳቸው ረግፎ የሞቱ ሰዎች አሉ ለማለት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራዬ ሰኔ 17 ነው። በዋዜማው ቀኑን ሙሉ ምንም አይበላም፤ ውኃና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ብቻ። እፈራለሁ፣ እቴቴ። ላንቺ ካልሆነ ለማንም አልናገረውም፤ እዚህ ሁሉም የሚያውቁኝ ሳቂታዋ ብለው ነው።

ጥያቄ


ሰኔ 9

ለልጄ፣

ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም።

ብዙ አልጽፍም፤ ወደዚያ የሚበር ሰው ተገኝቶ በር ላይ ቆሞልኛል።

ሳበላ ኖርኩ እንጂ ሌላ ሙያ የለኝም። ላንቺ አሁን የማበላሽ ነገር የለም፤ እዚህ ሆኜ ምን ልላክ? ግን ዋዜማውን አብሬሽ እውላለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማግሥቱ፣ ገብተሽ እስክትወጪ፣ ከውኃ በቀር በአፌ ምንም አይገባም። ሥራውን አልዘጋም፤ ሹፌሮቹ ምን አጠፉ? እሠራለሁ፣ አቀርባለሁ፣ አልቀምስም።

አትከልክይኝ። ከልክለሽኝ ብትጽፊም ቀኑ አልፎ ነው የሚደርሰኝ።

አክስትሽ


ሰኔ 16

ለእቴቴ፣

አልከለክልሽም።

ሰውዬው ደብዳቤሽን ትናንት ሥራ ቦታ ድረስ አመጣልኝ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። መድኃኒቱ ጨው ጨው ይላል፤ በትልቅ ጠርሙስ ነው የሰጡኝ፤ አፍንጫዬን ይዤ እጠጣዋለሁ። ደብዳቤሽን ጠርሙሱ ላይ አስደግፌዋለሁ። ከታች ማጠቢያ ቤት አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ልጁ ኪሱ ውስጥ ብስኩት ረስቶ ልብሱ ሁሉ ብስኩት ሆኗል። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እርቦኝ ነው መሰል ዓይኔ እንባ ሞላ።

ነገ ጠዋት እገባለሁ። ምን እንደሚያገኙ አላውቅም። ምንም ቢሆን ያንኑ ዕለት ሳልደባብቅ እደውልልሻለሁ፤ አንቺም ስልኩን አንስተሽ «ደኅና ነን» እንዳትዪኝ። ያለሽን ሁሉ ተናገሪ።

ሰዓቱን ሳየው አሁን እናንተ ጋ ምሳ ደርሷል። ጎማ ለዋጮቹ ገብተዋል፤ ዘበኛው እንደ ልማዱ ከሁሉ ቀድሞ ተቀምጧል። አንቺ ከድስቱ ጋ ቆመሻል፤ ጭልፋው በእጅሽ ነው፤ ሁሉም ይጠብቁሻል። ከጠዋት ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ብቻ ነው፣ እቴቴ።

ዛሬ ጨውን ማን ቀመሰልሽ?

ልጅሽ